በሌዲ ኢሶቤል ግድግዳ ላይ ያየሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ እሳቸው «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» ብዬ መስቀል እየተሳለምኩ ስንት ጊዜ እንደወጣሁ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን። ዝምተኛ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እኔን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀኝ በአፌ ነው። ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር ባለችው የሙሉጌታ ፀጉር ቤት ወሬ የማሞቀው እኔ ነኝ፣ ለሰው ቅጽል ስም የማወጣው እኔ ነኝ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው የማስቀው እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ያወራ አፍ አንድ ቀን አንዲት እውነት ተጠየቀና ዋሸ። የምናዘዘው እሱን ነው።

መጀመሪያ ጋሽ ሰይፉን ላሳውቃችሁ። ቶተንሃም ውስጥ ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ በሰጣቸው አንድ ክፍል ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው፣ ጫማቸው ግን ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ ከዚያ ወጥተው እንግሊዞች መርከብ ላይ ተቀጠሩ። መርከቧ ሌዲ ኢሶቤል ትባላለች። የአውሮፕላን ቲኬት ሳይረክስ በፊት ሰው ከአህጉር ወደ አህጉር የሚሻገርባት የውቅያኖስ መርከብ ነበረች፤ ዕቃውን፣ ሚስቱን፣ ልጁን ይዞ፣ አገር ለመለወጥ የሚሳፈርባት። የጋሽ ሰይፉ ሥራ ነሐስ መወልወል ነበር፤ የበሩን እጀታ፣ የደረጃውን መደገፊያ፣ የመስኮቱን ክፈፍ። አውሮፕላን ሲረክስ መንገደኛው ሸሻት። መርከቧ ተሸጠች፣ ስሟ ተቀየረ፣ ለሽርሽር ተዳረገች። ጋሽ ሰይፉም አብረዋት ጥቂት ቆይተው በመጨረሻ ለንደን ላይ ወረዱና ቀሩ።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ለምን እንደመጣሁ ለኢሚግሬሽን በሰፊው አስረድቻለሁ፣ እዚህ አልደግመውም። ሙሉጌታ ፀጉር ቤት ስገባ ጋሽ ሰይፉ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ መርከባቸው ያወሩ ነበር። ደረጃዋ ላይ ስምንት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ይወርድበታል አሉ። ከባሕሩ ወለል በታች፣ ዓሣው ከላይ እየሄደ፣ ሰው ዋና ይዋኛል አሉ። የምግብ አዳራሹን ጣራ ቀና ብሎ ያየ ሰው አንገቱን ያመዋል አሉ። እኔ አዲስ መጤ ነኝ፣ ሰው ፊት መታወቅ እፈልጋለሁ። «ጋሽ ሰይፉ፣ ቆይ እስቲ፣ ይህ ሁሉ መርከቧ ውስጥ ከገባ ባሕሩን የት አስቀመጡት?» አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አድሚራል» አልኳቸው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ፣ በየቦታው አድሚራል ሆነው ቀሩ። እኔም በዚያው ቀን ከወሬኞቹ መሐል ወንበር አገኘሁ።

በጣም የምንስቅበት የመቋሚያው ነገር ነበር። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ። ልጃቸው ወደ ባሕር ሲሄድ፣ ማሕሌት ሲቆሙበት የኖሩትን የወይራ መቋሚያ ሰጡት፤ «መሬት በማይረጋበት ቦታ ተደገፍበት» ብለው። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰች ትንሽ መስቀል ነበረችበት። እንግዲህ ጋሽ ሰይፉ እንደሚሉት፣ በመርከቧ የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከልዩ ልዩ አገር እንጨት የተሠራ ትልቅ የዓለም ካርታ ነበር። አንድ የማዕበል ሰሞን ኢትዮጵያ ከካርታው ወልቃ ወደቀችና ተሰባበረች። የመርከቧ አናጺ፣ አንድ ሽማግሌ ስኮትላንዳዊ፣ የሚተካበት እንጨት አጥቶ ቦታውን ክፍት ትቶት ከረመ። ጋሽ ሰይፉ ነሐስ ሊወለውሉ በገቡ ቁጥር ያንን ቀዳዳ ያያሉ። አንድ ቀን መቋሚያውን ይዘው ሄዱና ለአናጺው ሰጡት። እሱም በስሱ ቆራርጦ ቀዳዳውን ሞላበት። «ዓለሙ ሁሉ ሞልቶ የእኛ ቦታ ብቻ ቀዳዳ ነበር። ምን ላድርግ?» ይሉን ነበር።

ይህን ማን ያምናል? እህታቸው እንኳ አላመኗቸውም። እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ታናሽ እህታቸው ናቸው፣ ሃክኒ ነው የሚኖሩት። አባታቸው ያረፉት ጋሽ ሰይፉ ባሕር ላይ ሳሉ ነው። ለዕረፍት አገር ቤት ሲመጡ እትዬ አስካለ መቋሚያውን ጠየቋቸው፤ አባታቸው ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን እንዲቀመጥ ነበር ሐሳባቸው። ጋሽ ሰይፉ «መርከብ ግድግዳ ላይ ነው» አሏቸው። በዚያን ጊዜ መጠጥ ይወዱ ነበር፤ ይህን ራሳቸውም አይክዱም። እትዬ አስካለ «የአባታችንን መቋሚያ ሸጦ ጠጣበት» ብለው ቆረጡ። ዕድል ሁለቱንም ለንደን ላይ አገናኘቻቸው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሳለሙት፣ ግን ሰላም አይባባሉም። ጋሽ ሰይፉ በየእሑዱ ቅዳሴ ሲያልቅ በሴቶች በር በኩል ቆመው ይጠብቃሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ያልፏቸዋል።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀልድ ጨመርኩበት። «የአድሚራል መቋሚያ ቢራ ላይ ተደግፎ ቀረ» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቀልዱ ከፀጉር ቤት ወጥቶ፣ ማኅበር ለማኅበር ዞሮ፣ ሃክኒ እትዬ አስካለ ጆሮ ገባ። «ወንዶቹ ሁሉ ያውቁታል ማለት ነው» ብለው አለቀሱ አሉ። ይህን ስሰማ ትንሽ ደንገጥ አልኩ። ትንሽ ብቻ። ከዚያ ረሳሁት።

ሥራዬ ቫን መንዳትና ዕቃ ማጓጓዝ ነበር። አንድ ጊዜ ሥራ የሚያገናኘኝ ኤጀንሲ ደወለና ቲልበሪ ወደብ ላይ የማፍረስ ሥራ አለ አለኝ። ቲልበሪ ቴምዝ ወንዝ ሰፍቶ ባሕር ሊሆን ሲል ያለ ቦታ ነው፤ ከቶተንሃም በመኪና ሩቅ አይደለም። ቢሮ የምናፈርስ መስሎኝ ነበር። ቫኑን አቁሜ ስወርድ ከመጋዘኑ ጣራ በላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሕንፃ አየሁ። መስኮት አለው፣ ፎቅ አለው። አየት አድርጌ ሳንድዊቼን ልገምጥ ስል ሕንፃው ቀስ ብሎ ተነቃነቀ። እጄ አፌ ሳይደርስ ቀረ። መጋዘኑን ዞሬ ወጣሁና መርከቧን አየኋት።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በዚያው ሰሞን እዚያው ወደብ አንድ የዘመኑ የሽርሽር መርከብ ቆሞ ነበር፤ ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ በረንዳ በበረንዳ ላይ የተደረደረበት፣ ሲያዩት ኮንዶሚኒየም ነው የሚመስለው። አናቱ ላይ የልጆች መንሸራተቻ አለው። እሱ ውኃ ላይ የሚያርፍ ሆቴል ነው። የኔዋ ግን ለመሄድ የተሠራች ነበረች። አፍንጫዋ እንደ ቢላ ስል ነው፤ ጎኗ ረዝሞ፣ ረዝሞ፣ ዓይን ሲከተለው ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ቀለሟ ተላልጧል፣ ዝገት ከመስኮቶቿ ሥር ወርዷል፣ ግን አቋቋሟ አሁንም ያስፈራ ነበር። ሥራችንን የሚያዘን ሮማኒያዊ ፎርማን «አሮጊቷ ናት» አለኝ። አዲስ የእሳት ደንብ ወጥቶ እንጨት የበዛበት መርከብ መንገደኛ መጫን ተከልክሏል፣ እሷን ማደስ ደግሞ ሌላ ከመግዛት ይብሳል አለ። የሚሸጠው ዕቃ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ሕንድ ሄዳ አሸዋ ላይ ትቆራረጣለች።

ኋላዋ ላይ «ሰመር ጆይ» የሚል ስም በቀለም ተጽፏል። ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ግን ከቀለሙ ሥር ሌላ ፊደል ይታያል፤ ድሮ ሲሠሯት ብረቱ ላይ በብየዳ ያስቀመጡት ነው። ቀለም ደጋግመው ቢቀቡትም አልጠፋም። አንድ በአንድ አነበብኩት። ሌዲ ኢሶቤል። የመጀመሪያ ስሜቴን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ለኑዛዜ ነው የተቀመጥኩት። ደስ አለኝ። «ዛሬ አድሚራልን አገኘሁት፤ ማታ ፀጉር ቤት ምን ያህል እንስቃለን» አልኩ።

ገባሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ ሳቄ መቀዝቀዝ ጀመረ። ስምንት ሰው ጎን ለጎን ይወርድበታል። አልቆጠርኩም፣ መቁጠር አያስፈልገውም ነበር። መደገፊያው ነሐስ ነው፤ ጠቁሯል፣ ቢሆንም ሰው እጁን ሲያሳርፍበት ይሞቃል። በእጅጌዬ ጠረግሁት፣ ወርቅ መሰለ። ዝቅ ብለን ወረድን፤ ከሞተሩ ክፍል አጠገብ፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ ባዶ መዋኛ አለ። ግድግዳው ሰማያዊ ሸክላ ነው፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ወንዙ ከውጭ ሲያልፍ ይሰማኛል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው ይህንን ሠርቶ፣ ይህንን አንሳፍፎ፣ ሺህ ነፍስ አሳፍሮበት፣ በማዕበል መሐል እራት ይበላ ነበር? ጋሽ ሰይፉ ያጋነኑ መስሎን ነበር። ያጋነኑት ነገር የለም፤ እንዲያውም ቃል አጥሯቸው ቀንሰው ነው የነገሩን።

የምግብ አዳራሹን በር ስከፍት ቆቤን አወለቅሁ። ማንም አላዘዘኝም። ጣራው ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ የወንዙ ብርሃን በመስኮቶቹ ገብቶ እዚያ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከፊት ለፊት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከወለል እስከ ጣራ፣ ዓለም ተዘርግቷል። ባሕሩ ከጠቆረ እንጨት፣ አገሮቹ ከቀይ፣ ከቢጫ፣ ከቡኒ፣ ከነጭ። እንደዚህ ያለ ሥራ የሠሩ እጆች ምን ዓይነት እጆች ናቸው አልኩ። የመቅደስ መጋረጃ ሲገለጥ እንደሚሆነው ሰውነቴን ወረረኝ።

ያም ሆኖ ስልኬን አወጣሁ። ለምን? ኢትዮጵያን ፎቶ ላነሳ፣ እንደማናቸውም አገር አንድ ተራ እንጨት መሆኗን ለፀጉር ቤት ላሳይ። አያችሁ ልቤን? በዚያ ሁሉ ግርማ ፊት ቆሜ እንኳ የምፈልገው የአንድ ሽማግሌ ውርደት ነበር። ተጠጋሁ። ኢትዮጵያ ከነባሕሯ፣ ከነምጽዋ፣ በስሱ ከተቆረጡ ትንንሽ ክብ እንጨቶች ተገጣጥማ የተሠራች ናት። አንዱ ከሌላው ጋር እንዲጋጠም አናጺው በትዕግሥት ሞርዶታል። እንጨቱ ወይራ ነው፤ አባቴ የወይራ ከዘራ ነበረው፣ መልኩንና መስመሩን አውቀዋለሁ። ከጣና ዝቅ ብሎ ካሉት ክቦች በአንዱ ላይ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰች ትንሽ መስቀል አለች።

አማተብኩ። እጄን አሳረፍኩባት፤ ሌላው ግድግዳ ሁሉ ሻካራ ሆኖ እሷ ብቻ ለስላሳ ነበረች፤ አንድ መሪጌታ ዕድሜ ልኩን በመዳፉ ያለሰለሳት ናት። ፎቶ አነሳሁ። ፎርማኑ ምልክት ያልተለጠፈበትን ነገር ማንም መውሰድ ይችላል ብሎናል፤ ካርታው ከግድግዳው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ገዢ አላገኘም፣ ምልክት የለበትም። መሮ ኪሴ ውስጥ አለ። መስቀሏን ይዞ ያለውን አንድ ክብ ለመንቀል ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መሮውን አስጠጋሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ ይህን ይዤ ፀጉር ቤት ስገባ ምን እላለሁ? «ስስቅባቸው የኖርኩት ሰውዬ እውነታቸውን ነበር» ልል ነው? ቀልዱ የማን ነበር? ወንበሯ የማን ናት? ያን ሁሉ ዓመት ሞኙ ማን ነበር ሊባል ነው? መሮዬን ኪሴ ከተትኩ። ለማስታወሻ ከአንዱ ጓዳ የኮት መስቀያ ነቅዬ ወሰድኩ። እስከ ዛሬ መታጠቢያ ቤቴ በር ላይ ተመትቷል፤ ሚስቴ ፎጣ ታንጠለጥልበታለች።

ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ፎቶውን አጠፋሁት። በገዛ ጣቴ። ስልኩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ከዚያ ገባሁ፤ ጋሽ ሰይፉ በዚያ ማታ አልመጡም ነበር። የት እንደዋልኩ፣ መርከቧም ልትቆራረጥ መሆኑን ለወንዶቹ ነገርኳቸው፤ ይህን ያህል ወሬ ይዤ ዝም ማለት አልችልም። «እሺ፣ እንዴት ናት የአድሚራል መርከብ?» አሉኝ። «ተራ ዝገት ናት፤ ደረጃዋ የካውንስል ቤት ደረጃ ያክላል» አልኩ። ሳቁ። ሳቃቸው የዚያን ቀን አልጣመኝም፣ ግን አብሬ ሳቅሁ።

ሙሉጌታ ነው መጀመሪያ ሳቁን ያቆመው። «ልትቆራረጥ ነው ካልክ፣ ለጋሽ ሰይፉ እንዴት ይነገራል? መርዶ እኮ ነው» አለ። እኛ መርዶ በስልክ አንነግርም፣ በመንገድ ላይ አንነግርም። ዘመድ የሞተበት ሰው እስኪበላ፣ እስኪያርፍ፣ የራሱ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ይደበቅለታል፤ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ሄዶ ይነግረዋል። ደግ ልማድ ነው። ጋሽ ሰይፉ ልባቸውን ያማቸው ነበር፤ ሐኪም እንዳይደነግጡ ብሏል። ስለዚህ መርከቧ እስክትሄድና ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ይደበቅላቸው ተባለ። አንዱ ግን «ወስደን ብናሳያቸውስ? ዳኒ ቫን አለው» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ቫኔ በር ላይ ነበር የቆመው። ወንዝ ዳር አውርጄ፣ ወንበር ዘርግቼላቸው፣ ሌዲ ኢሶቤልን ማሳየት እችል ነበር። ካዩ ግን ፎርማኑን ለምነው ይገባሉ። ከገቡ ግድግዳውን ያያሉ። ግድግዳውን ካዩ እህታቸውን ያመጣሉ። «አይ፣ ልባቸው አይችልም፤ መርዶ በወጉ ነው የሚነገር» አልኩ። ሁሉም «ልክ ነው» አሉ። እንዴት ያለ አዛኝ ሰው መሰልኩ። ፈሪነቴን የአባቶቻችንን ልማድ አለበስኩት፤ ደግሞም ልኩ ሆኖ ተገኘ።

መርከቧ ሄደች። ከጊዜ በኋላ አንዱ የመጨረሻዋን የሚያሳይ ቪዲዮ በኢንተርኔት አገኘና ጋሽ ሰይፉ በሌሉበት በሙሉጌታ ኮምፒውተር ላይ ከፈተው። ባሕሩ ሞልቶ ወደ ዳር የሚመጣበትን ሰዓት ጠብቀው፣ ሞተሯን በሙሉ ኃይሉ አስነስተው፣ አፍንጫዋን ወደ አሸዋው አዞሩት። መርከብ ዕድሜ ልኳን የምትሸሸው አሸዋን ነው። እሷ ግን በሙሉ ፍጥነት፣ ያን ስል አፍንጫዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሞገዱን እየሰነጠቀች መጣች። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ድምፅዋ ረጅም ነበር። ከዚያ አሸዋው ላይ ወጣችና ቆመች። ሙሉጌታ መላጫ ማሽኑን አጥፍቶ ነበር። ግማሽ ራሱ የተላጨው ሰውዬ እንኳ ተነስቶ ቆሟል። ከዚያ ትልቅ በር እንደሚያህል አድርገው ብረቷን እየቆረጡ ሲጥሉ ታየ፤ ከሥር ሰዎቹ ጉንዳን ያክላሉ። እንጨቱ በአንድ በኩል ተከምሮ ሲጨስ አየሁ። እኔ ብቻ ነበርኩ በዚያ ጭስ ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው።

በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ፣ ከቅዳሴ በፊት፣ መርዶ ልንነግር ጋሽ ሰይፉ ቤት ሄድን። ሙሉጌታ ሃክኒ ድረስ ሄዶ እትዬ አስካለን ለምኖ አመጣቸው። «ወንድምዎ ብቻቸውን መርዶ አይሰሙም» ብሎ ነው ያሸነፋቸው። መጡና በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ወንድማቸውን አላዩም፣ ወንድማቸው ግን ከእሳቸው ሌላ ሰው አላዩም። እህታቸው ደጃቸውን ረግጠው አያውቁም ነበር። «አስኩ፣ ደህና ነሽ?» አሉ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠርጎ መርከቧ ማረፏን ነገራቸው። ጋሽ ሰይፉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። አላለቀሱም። ከየት ተነስታ እንደሄደች ጠየቁ። ቲልበሪ ተባሉ። «ቲልበሪ? እዚህ? እዚህ ድረስ መጥታ?» አሉ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ፣ አሁንም እዚያ የቆመች ይመስል። ለምን እንዳልነገርናቸው አልጠየቁም። መርዶ እንደሚደበቅ ያውቃሉ፤ እሳቸውም ለሌሎች ደብቀዋል። ሙሉጌታ ሊያጽናናቸው ብሎ «ዳኒ ውስጧ ገብቶ ሠርቷል፤ የኛ ሰው እጅ ሳይነካት አልሄደችም» አላቸው።

ጋሽ ሰይፉ ወደኔ ዞሩ። የዚያን ጊዜ ፊታቸውን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ይነሳኛል። ተስፋ ነበረበት። «ልጄ፣ የምግብ አዳራሹ ገብተሃል? ግድግዳውን አየኸው?» አሉኝ።

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፋ አደረጉ፤ ይህን በዓይኔ አየሁ። አንዲት ሴት አርባ ዓመት የቆየ ቂሟን ልትጥል ጆሮዋን ሰጠችኝ። ሌላ ምን ነበር የሚያስፈልገው? «አየሁት» ማለት ብቻ። ሙሉጌታ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ደረጃው የካውንስል ቤት ያክላል ያልኩት ሙሉጌታ። ጓደኞቼ ያዩኛል።

«አዳራሹን አይቻለሁ ጋሽ ሰይፉ። ግድግዳው ባዶ ነበር» አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ልባቸውን ልጠብቅ ብዬ ነው? አይደለም። ዋሸሁ፤ በሽማግሌ ፊት፣ በእህት ፊት፣ ገና ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን እንደለበስኩ ዋሸሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ በንጋት ተቀምጬ እውነትን ገደልኳት።

«ይሁን፣ ነቅለውት ይሆናል» አሉ ጋሽ ሰይፉ። ቀጥሎ የሆነው ነው የሚገድለኝ፤ ፊቴ ተለዋውጦ ስላዩት አዘኑልኝ። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እትዬ አስካለ ተነሡ። «አየህ፣ ሰይፉ» አሉ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

ጋሽ ሰይፉ ከዚያ በኋላ ስለ መርከብ አላወሩም። ፀጉር ቤት መጥተው ይቀመጣሉ፣ ጋዜጣ ያያሉ። አንዳንዱ «እስቲ አድሚራል፣ ያቺን ደረጃ» ሲላቸው «ተዉት፣ አረጀሁ፣ ተደባልቆብኝ ይሆናል» ይላሉ። ራሳቸውን እስከ መጠራጠር ደርሰው ነበር። በዓይናቸው ያዩትን፣ በእጃቸው የሰጡትን፣ በእኔ አንድ ውሸት ምክንያት ተጠራጠሩት። በክረምት ልባቸው ቆመ። ያረፉት ቤታቸው ብቻቸውን ሳሉ ነው። የአባታቸውን ስም ያጠፉ ሰው ተብለው ሞቱ።

እትዬ አስካለ ቀበሯቸው፣ አርባቸውን አወጡ፣ በየሙት ዓመታቸውም ዝክር ያደርጋሉ። ሰው በልቶ ሲጠግብ ይነሡና «ወንድሜ የአባቴን መቋሚያ ሸጦ ጠጥቷል፤ እኔ ግን ይቅር ብየዋለሁ፣ እግዚአብሔርም ይቅር ይበለው» ይላሉ። ሁሉም «አሜን፣ እንዴት ያለ ልብ ነው» ይላል። እኔም እዚያው ተቀምጬ አሜን ብያለሁ። ደጋግሜ ብያለሁ። እንጀራቸውን ጎርሼ፣ ጠላቸውን ጠጥቼ፣ ያልሰረቀ ሰው ይቅር ሲባል አሜን ብያለሁ።

ለምን አልነገርኳቸውም? ሰበብ አለኝ፤ እኔ ሰበብ አላጣም። አሁን ብነግራቸው ሰላማቸው ይሄዳል እላለሁ። ዛሬ ይቅር ባይ ናቸው፤ ነገ በሴቶች በር በኩል ቆሞ የሚጠብቃቸውን ንጹሕ ወንድም ስንት ዓመት ሙሉ ያለፉ እህት ይሆናሉ። አሮጊት ናቸው፣ እንዴት ይችሉታል? አያችሁ፣ ያው መርዶ መደበቅ ነው። ያችኑ ልብስ ነው የማለብሰው። የሳቸውን ልብ እየጠበቅሁ አይደለም፤ የራሴን ፊት ነው።

እትዬ አስካለ፣ ዓይንዎ ማንበብ እንደማይፈቅድልዎ አውቃለሁ። ይህን ይዤ እኔው እመጣለሁ። ሽማግሌ አልሰበስብም፣ ጎሕ እስኪቀድ አልጠብቅም፣ በልተው እስኪያርፉም አልቆይም። ጋሽ ሰይፉ መቋሚያውን አልሸጡም። ዓለም ሁሉ ሞልቶ የኛ ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ቢያገኙት በአባታቸው ወይራ ሞሉት። አየሁት። መስቀሏን በእጄ ነክቻለሁ። ማዳን እችል ነበር፣ አላዳንኳትም፤ ሲጠይቁኝም ካድኩ። እርስዎ ምን ያህል እንደሚያለቅሱ አላውቅም፤ ተው አልልዎትም። ብቻ በሚቀጥለው ሙት ዓመት ሲነሡ፣ ይቅር የሚሉት ሌባ ካስፈለገዎት፣ እዚያው ከተጋባዦቹ መሐል ተቀምጫለሁ፤ የወንድምዎን ስም የሰረቅሁት እኔ ነኝ።